ትጓደድ ጽዋውን የሸጠች ጊዜ

ወሬው ደባርቅ የደረሰው እንደ መርዶ ነው። ጠዋት ስወጣ ሁለት ሴትዮዎች መንገድ ዳር ቆመዋል። አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ሰማሽ? ትጓደድ ዳባት ላይ ቤት ገዛች» ትላለች።

«ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው? ትሸጠዋላ።»

«አትሸጠውም አሉ። ልትኖርበት ነው።»

«እኔን! ምን አገኛት?»

ቆሜ ሰማሁና እኔም ደነገጥኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ብቻዬን መንገድ ላይ ስስቅ ሴትዮዎቹ ገላመጡኝ። እነሱ ትጓደድ የታመመች መስሏቸዋል። እኔ ግን ወር ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደልኝ ያን ጊዜ ነው።

ለማያውቃት ሰው ልንገር። እትዬ ትጓደድ ከባዶ ተነስታ ንግድ ታቆማለች፤ ሲደምቅ ትሸጠዋለች፤ ከዚያ ሌላ ትጀምራለች። ሌላው ሰው ሱቅ ከከፈተ እስኪያረጅ ይቀመጥበታል። እሷ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ክረምት ከርማ አታውቅም። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ ጊዜ ነው እሷ ጋ ሥራ የገባሁት። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሸጣኛለች። ቀልዴን አይደለም። «ልጅቷ አብራ ናት» ብላ ነው የምታስረክበው፤ ገዢው ደንበኛ እንዳይሸሽበት የለመዱትን ፊት ይፈልጋላ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ትመጣና በመስኮት ትጠራኛለች። «ነይ፣ ሌላ ጀምሬያለሁ።» እኔም ሽርጤን ፈትቼ እከተላታለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ እኔም አልወድም፤ በዚህ እንመሳሰላለን።

መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ተቆጣች። «አንቱ አትበይኝ! ገዢ ከሰማ፣ አርጅታ ደክሟት ነው የምትሸጠው ይላል።» ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት። እናቴ በሰማች ቁጥር ታፍራለች።

አጭር ናት። ድምጿ ወፍራም ነው፤ ስልክ ስታወራ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰማል። በሐበሻ ቀሚስ ላይ ሸራ ጫማ ታደርጋለች። ስትራመድ ሰው የሚከተላት ይመስላል፤ ማንም አይከተላትም፣ ከእኔ በቀር።

የመጀመሪያውን ቁርስ ቤት የከፈተችው መናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር። ሰው አልነበረም። ምን አደረገች? ሾፌሮቹን ጠርታ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችና በነጻ አበላቻቸው። «ተሳፋሪ ሾፌሩ ያለበት ነው የሚገባው። ሾፌሩን እያየ ሲበላ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ አይሰጋም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ፉል መብላት ሲጀምር እኔ ደስ አለኝ። እሷ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ለረጅም ጊዜ አየችና «በቃ፣ ደረሰ» አለች።

«ምኑ?»

«መሸጫው ነዋ። ሰው ቆሞ ሲበላ ያየ ገዢ አይከራከርሽም። ወንበሩ ባዶ ሲሆንማ ማን ዞር ብሎ ያይሻል?»

ስሟን ያስጠራው ግን አወጣጧ ነው። ዕቃ አትለቅምም። ገዢው ቁልፉን ሲቀበል እሷ የለበሰችውን ለብሳ ስልኳን ይዛ ትወጣለች። ድስቱ፣ ብርጭቆው፣ አልጋው፣ ብርድ ልብሱ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። «ገዢ ፊት ጭልፋ ስትለቅሚ ከታየሽ፣ ምን ደብቃኝ ነው ብሎ ልቡ ይሸሻል» ትላለች። በሩ ላይ ቆም ትልና መቃኑን በመዳፏ መታ፣ መታ ታደርገዋለች። የበቅሎ ጭነት ታስሮ ሲያልቅ፣ ሂጂ ለማለት ጎኗን መታ መታ እንደሚያደርጓት። ከዚያ ትወጣለች። ዞራ አታይም።

የሚረሳው ነገር፣ ያ የሚቀረው ዕቃ የሷ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሌላ ቤት የላቸውም። ሁልጊዜ የሚኖሩት ከንግዱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው።

ባሏ ጋሼ አዛናው በቅሎ ነጂ ናቸው። ቱሪስት ሲገኝ ድንኳንና ስንቅ ጭነው ተራራው ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ይወጣሉ፤ ከዚያም አልፈው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው በብርድና በፀሐይ ጠቁሮ ነው። ቁርስ ቤቱ በተሸጠ ሰሞን ከተራራ ወረዱ። በቅሎዎቹን እንደ ወትሮው በሩ ላይ አስረው ገቡ። አዲሱ ባለቤት ደንበኛ መስለውት «እንኳን ደህና መጡ አባት፣ ምን ልታዘዝ?» አላቸው። እሳቸው ደግሞ የሚስታቸው ዘመድ መስሏቸው ሦስቴ ትከሻውን እየገጩ ሰላም አሉት። እኔ ሰሀን ይዤ ከኋላ ቆሜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ቤቱ ተሸጧል።»

«የቱ ቤት?»

«ይሄ።»

ዙሪያውን አዩ። «መቼ?»

«ሐሙስ ዕለት።»

ትንሽ አሰቡና «እኔስ? እኔም አብሬ ተሸጫለሁ?» አሉ።

«አብሬ የተሸጥኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ነጻ ነዎት።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እንግዲያማ ፉል አምጪልኝ። አዲሱን ጌታሽን አታስቀይሚ።» በልተው ሲያበቁ ሚስታቸው ወዴት እንደሆነች ጠይቀውኝ ሄዱ። ጋቢያቸው ግን ጓዳ ቀረ። በሌላው ቀን አዲሱ ባለቤት ለብሶት አየሁ። ያምርበታል፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ «አዛናው ቤቱን የሚያገኘው በጥቆማ ነው» የሚል ቀልድ በከተማው ቀረ።

ቀጥሎ ዳቦ ቤት ከፈተች። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ምድጃውን ስታሠራ ጀርባውን ወደ መንገዱ አዞረችው። አናጺውም ግንበኛውም «እትዬ፣ ሙቀቱ በግድግዳው ይባክናል» አሏት። «ይባክን» አለች። ሥራ በጀመርን በሳምንቱ ጠዋት ጠዋት ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ ጀርባውን እየሞቀ ይቆማል፤ ከሩቅ ሲታይ ለዳቦ የተሰለፈ ይመስላል። ሰልፍ ያየ ደግሞ ይሰለፋል። ሴትየዋ እንዲህ ናት። ያን ዓመት የደባርቅን ብርድ ራሱን ለሥራ ቀጥራው ነበር።

ዳቦ ቤቱንም ሸጠችው፤ እኔንም አብራ። በዚያ ዓመት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ሰብለ ለእረፍት ስትመጣ ከመናኸሪያ ለእኔ ደወለች። «ዘንድሮ ቤታችን የት ነው?» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው የጠየቀችኝ፤ አጠያየቋ ግን ቀልድ አልነበረውም። ዳቦ ለመግዛት ገባ ስትል የስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ በመስታወት እንዳለ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አዲሱ ባለቤት «ግድግዳውን ስላሳመረልኝ ነው የተውኩት» አላት። እሷም «ይሁን፣ ያምራል» ብላ ዳቦዋን ይዛ ወጣች። እኔ ብሆን አውርጄ ራሱ ላይ እሰብርለት ነበር።

ሦስተኛው ፔንስዮን ነው። የተራራ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲያወርዷቸው፣ ትጓደድ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበርና ሙቅ ውሃ አዘጋጅታ ጫማቸውን ታሳጥብላቸዋለች፤ በነጻ። ጫማው እስኪደርቅ ፈረንጁ ወዴት ይሄዳል? ይተኛል። ክፍሎቹ ሞሉ። ሲሞሉ የራሷንም ክፍል አከራየችና እሷ ደረጃው ሥር ፍራሽ አንጥፋ መተኛት ጀመረች። ጋሼ አዛናው ሲመጡ ያ ፍራሽ ለሁለት አይበቃቸውም፤ በቅሎዎቹ ጋ ያድራሉ። አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍን «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ አልጋ እያለሽ?» አልኳት።

«አልጋው ለእንግዳ ነው።»

«አንቺስ መቼ ነው የምታርፊው?»

እጇ ላይ ያለውን አንሶላ አስቀመጠች። «ካለቀ በኋላ ይታክተኛል። አንቺ ቤቱን ሞልቶ ስታዪው ደስ ይልሻል። እኔ ሞልቶ ሳየው የታሰርኩ ይመስለኛል። የሚያምረኝ ስጀምረው ነው፣ ግድግዳው ሳይደርቅ፣ ይሆን ይሆን ስል።» ከዚያ ነገሩን ወዲያ ብላ «አንሶላውን በደንብ ዘርጊው፣ ተጨማዶብሻል» አለችኝ።

አሁን ወደ ጽዋው ልምጣ።

የሚካኤል ማኅበር አላቸው። የጋሼ አዛናው የአባታቸው ማኅበር ነው፤ አባት ሲሞቱ ቦታው ለልጅ አለፈ። እሳቸው ተራራ ላይ ስለሚውሉ ድግሱም፣ ጽዋ መቀበሉም የትጓደድ ሆነ። በየወሩ በሚካኤል ቀን ተረኛው ቤት ይደገሳል። ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእልልታ ወደ ሚቀጥለው ተረኛ ቤት ይሄድና፣ ወር ሙሉ እዚያ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል። ተራው የትጓደድ ሆነና ጽዋው ፔንስዮኑ ገባ። ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥነው።

በዚያው ወር ወይዘሮ እማዋይሽ የሚባሉ ሴት ከጎንደር መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ፔንስዮኑን ዞረው አዩ፤ አግዳሚው ላይ ተሰልፈው ጫማ የሚያሳጥቡትን እንግዶች አዩ፤ አልተከራከሩም። ትጓደድ እንደ ልማዷ «ከነ ዕቃው ነው» አለች። ቁልፍ አስረከበች፤ መቃኑን መታ፣ መታ አደረገች፤ ሄደች። እኔም እንደ ልማዴ አብሬ ተሸጥኩ።

በማግስቱ ወይዘሮ እማዋይሽ አቧራ ሊያስጠርጉ ወንበር ላይ አቆሙኝ። «ይቺ የተጠቀለለችው ምንድን ናት?» አሉኝ።

ከወንበሩ ወረድኩ። «የሚካኤል ጽዋ ናት» አልኩ።

ሴትየዋ ጫማቸውን አወለቁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔም አወለቅኩ። ቀርበው ጨርቁን ተሳለሙና እዚያው ቆመው ማልቀስ ጀመሩ።

ለትጓደድ ደወልኩ። «እትዬ፣ ጽዋው።» ያቺ ድምጿ አስፋልት የሚሻገር ሴት ስልኩን ዘጋችው። ብዙም ሳይቆይ ሸራ ጫማዋን እየጎተተች መጣች።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አለቻቸው፣ «አንድ ነገር ረስቼ ነው። ያልሸጥኩትን ልወስድ።»

«ከነ ዕቃው አላልሽኝም?»

«ጽዋ ዕቃ ነው እንዴ?»

«አይደለም» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ። «ለዚያ ነው የማልሰጥሽ። ዕቃ ቢሆን ውሰጂ እልሽ ነበር። ባሌ ካረፈ ወዲህ ማኅበር የሚባል ደጄን ረግጦ አያውቅም። እኔ ጠርቼ አላመጣሁት። ገብቶ ያገኘሁትን ሚካኤልን፣ በሩ ወዲያ ነው ልበለው?»

ትጓደድ ከማንም ጋር ተከራክራ ታሸንፋለች። በዚህኛው ግን ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ቆምኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ከተማው በአንድ ቀን አወቀ። ልጆች ሳይቀሩ «ትጓደድ ሚካኤልን ሸጠችው» ይላሉ። አንዱ ባለሱቅ እያየችው «እትዬ፣ ገብርኤልን አትሸጪልኝም?» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ታስገባው ነበር። አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ጋሼ አዛናው ከተራራ ሲወርዱ ወሬውን መንገድ ላይ ነግረዋቸዋል። በዚህ ጊዜ አልሳቁም። በቅሎዎቹን ሳያስሩ ልጓሙን እንደያዙ ፔንስዮኑ ደጅ ላይ ቆሙ። ትጓደድ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወይዘሮ እማዋይሽ ሐሳባቸውን ይለውጡ እንደሆነ እያለች።

«ጋቢዬን ሸጥሽ፣ ሳቅሁ» አሏት ቀስ ብለው። «የልጄን ወረቀት ሸጥሽ፣ ዝም አልሁ። ይሄ ግን የአባቴ ነው።»

«አዛናው፣ ረስቼ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ሆን ብለሽ ቢሆን እቆጣሽ ነበር። መርሳትሽ ነው የከፋኝ።» በቅሎዎቹን አዞሩ። «እኔ ዳባት እህቴ ዘንድ ነኝ። ቤት ሲኖርሽ ጥሪኝ፣ ትጓዴ። ቤት ነው ያልሁሽ።»

አግዳሚው ላይ ቀረች። አንድ ፈረንጅ አጠገቧ ተቀምጦ ጫማውን ዘረጋላት። አጣቢዋ መስላው ነው። ብሩሹን አንስታ አጠበችለት።

የሚካኤል ቀን ደረሰ። ማኅበርተኛው ጽዋው ያለበት መሄድ አለበትና ፔንስዮኑ ተሰበሰበ፤ ወይዘሮ እማዋይሽ ደገሱ። ትጓደድ በሩ አጠገብ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ የማኅበሩ ካህን ቄስ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ አንዱን ቃል ጨርሰው ሌላውን እስኪያነሱ ሰው ጠላውን ይጨርሳል።

«ልጄ ትጓደድ፣ ተረኛዋ አንቺ ነበርሽ። ተራሽ አልተበላም፤ እዚያው አለ። ብቻ ጽዋውን ተሸክመን ወዴት እንምጣ? ቤትሽ ወዴት ነው?»

«አባ፣ ለጊዜው አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ።»

«ኪራይም ቤት ነው። የሚመጣው ወር እዚያ እናገኝሻለን?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አዎ ብትል ማንም አይፈትሻትም። እሷ ግን ቄስ ፊት አትዋሽም። ስለ ደባርቅ ቤቶች ብትጠየቅ የእያንዳንዱን ዋጋ በቃሏ የምታውቅ ሴት፣ ስለ ራሷ ቤት ስትጠየቅ መሬት መሬት አየች።

ቄስ ውበቱ ፈረዱ። ወይዘሮ እማዋይሽ ማኅበርተኛ ይሁኑ፣ ድግሱም የሳቸው ይቆጠር። ጽዋው እስከሚመጣው ሚካኤል እሳቸው ዘንድ ይቆይ። ያን ጊዜ ትጓደድ ቤት ካላት ማኅበሩ ጽዋውን ይዞ ቤቷ ይመጣል። ከሌላት የአዛናው አባት ቦታ ለሌላ ሰው ያልፋል። ማንም አልተቃወመም። እሷም።

በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ያዘችኝ። ዓይኗ በርቷል። ያንን ብርሃን አውቀዋለሁ፤ አዲስ ነገር ስትጀምር የሚበራው ነው።

«ኮሶዬ ላይ ቦታ አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ቆላው ሁሉ ከታች ይታያል። ሎጅ ነው የምሠራው። ሸሪክም አለኝ፣ ነገ ክፈይ ብሎኛል። አንዱን ክፍል ቤት እለዋለሁ። ጽዋውም ይገባል፣ አዛናውም ይገባል። አንቺም ትመጫለሽ።»

«እሱንም ትሸጪዋለሽ።»

«አልሸጠውም።»

«ሰው ቆሞ ሲበላ ያየሽ ዕለት ትሸጪዋለሽ። ጽዋውን፣ ጋሼን፣ ሁላችንንም ከነ ዕቃው። እኔ ለአራተኛ ጊዜ አልሸጥም፣ እትዬ። ሰብለ የምትደውለው ለእኔ ነው፣ ታውቂያለሽ? ቤታችን የት ነው ብላ የምትጠይቀው እኔን ነው! እናቷን አይደለም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ውጪልኝ!» አለችኝ።

«መንገድ ላይ ነን። ከየት ልውጣ?»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ዞራ ሄደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ስትራመድ አየኋት። ከዚያ በኋላ ስልኬን አታነሳም። ደባርቅ ውስጥም አልታየችም። አንዱ ኮሶዬ አየኋት ይላል፤ ሌላው አምባ ጊዮርጊስ። ወይዘሮ እማዋይሽ ጽዋውን በተሳለሙ ቁጥር እኔን እያዩ «ትመጣ ይሆን?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ምላሴን ነው የምረግመው። በዚያች ጠዋት ሁለቱ ሴትዮዎች ወሬውን ሲያወሩ የሰማሁት በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ማታውን ደግሞ ራሷ ደወለች። ሰላም እንኳን አላለችኝም። «ለማኅበሩ ንገሪ። ሚካኤል ዳባት ነው» ብላ ዘጋች።

ሚካኤል የዋለ ዕለት ሚኒባስ ይዘን ወደ ዳባት ወረድን። ወይዘሮ እማዋይሽ ጽዋውን ጭናቸው ላይ ታቅፈዋል። ረዳቱ «እማማ፣ ዕቃውን ከኋላ ልጫንልዎት» አላቸው። ሚኒባሱ ሙሉ ጮኸበት። «ዕቃ አትበል!» «አፍህን ያዝ አንተ!» ልጁ ግራ ገብቶት በሩን ከፍቶ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ቄስ ውበቱ ብቻ እየሳቁ ነበር።

ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው። ሁለት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሰፋ ያለ ግቢ። እሷ ራሷ ባስተማረችኝ ዓይን አየሁት፤ ገበያተኛ አያልፍበትም፣ መኪና አይደርስበትም፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። ብትነግዱበት አንድ ሰው አይመጣም። በሩ ላይ ስታገኘኝ «እትዬ፣ ከዚህ የባሰ ቦታ አጥተሽ ነው?» አልኳት።

«አፈላልጌ ነው ያገኘሁት» አለች። «ራሴን አላውቀውም እንዴ? አስፋልት ዳር ቢሆን እስካሁን ባንኮኒ አቁሜበት ነበር።»

«የኮሶዬውስ?»

«ለሌላ ሰው አሳየሁት።»

«ሸጥሽው?»

«መሬቱ የኔ አይደል፣ ምኑን እሸጠዋለሁ? ሐሳቡን ነው የሸጥኩት።» ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያች የመንገድ ላይ ጠብ ወዲህ የመጀመሪያችን ነው። ስለ ጠቡ አላነሳችብኝም፣ እኔም አላነሳሁም። ብቻ ሳታየኝ «ሰብለ እኮ ለእኔ ደወለች» አለች። ግድግዳው ላይ የስምንተኛ ክፍል ወረቀቷ ትንሽ ዘሞ ተሰቅሏል። ዳቦ ቤት ሄዳ ለምና ያመጣችው ራሷ ናት።

ጋሼ አዛናው በቅሎዎቹን ግቢ ውስጥ ሲያስሩ አገኘኋቸው። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል፤ ጥለቱ ላይ ስማቸው በክር ተጠልፎበታል። «እንዳይሸጥ ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጽዋው በእልልታ ገባ። ወይዘሮ እማዋይሽ ሲያስረክቡ እጃቸው ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ለቀቁ። ትጓደድ ተቀብላ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ተበላ፣ ተጠጣ፤ ከጎንደር የመጣችው ሰብለ ስታስተናግድ ዋለች። ቄስ ውበቱ መርቀው፣ እኛ ለመሄድ ግቢው ውስጥ ሰብሰብ ባልንበት ሰዓት አንድ የእህል ነጋዴ በሩ ላይ ብቅ አለ። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፤ ትጓደድን የማያውቅ ነጋዴ በዚህ መንገድ የለም። ሕዝቡን አየ፣ አዲሱን ጣሪያ አየ፣ በቅሎ የሚያስር ሰፊ ግቢ አየ። የለመደበት ነውና ሰላምታውን እንኳን ሳይጨርስ «ትጓደድ! ይሄንንስ ስንት አልሽው?» አላት።

ጋሼ አዛናው ልጓም እንደያዙ ቀሩ። ሰብለ ብርጭቆ እያነሳች ነበር፤ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ትጓደድ በሩ ላይ ቆማለች። ሰውዬውን አየችው። ዓይኗ ላይ ያ ብርሃን ብልጭ ሲል አይቻለሁ፣ ማንም አላየሽም አይበለኝ። ከዚያ መዳፏን አንስታ መቃኑን መታ፣ መታ አደረገችው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ምን በር ላይ ያቆምሃል?» አለችው። «ግባና ጠላ ጠጣ።»

ብላ ቀድማው ወደ ውስጥ ገባች።